ቦርጭ የወንድ ሞገስ አይደለም

አሰላ ላይ አንድ ወንድ ሲወፍር ይመሰገናል። «ተመችቶሃል» ይሉታል፤ «አሁን ገና ሰው መሰልክ» ይሉታል። አማቶቹ ልጃችን ደህና ቤት ገባች ብለው ይደሰታሉ፤ ሚስቱም ባሏን አጥግባ ለማደሯ ምስክር አገኘች። ከሳ ያለ ዕለት ግን መንገድ ላይ ያስቆሙታል። «ምነው? አሞህ ነበር? ሥራህ ተበላሸ እንዴ?» ይሉታል። በዚህ ሰላምታ ሥር አንድ ጽኑ እምነት አለ፤ ሆዱ የሞላ ወንድ ሀብቱ ሞልቷል፣ ጤናው ሞልቷል፣ ወንድነቱም ሞልቷል የሚል። ስለ ሀብቱ አልከራከርም። ስለ ጤናው ሐኪሞች ስኳርና ደም ግፊትን እየጠሩ ብዙ ተናግረዋል፤ የሰማም ሰምቷል። እኔ የምቃወመው ሦስተኛውን ነው፤ በአደባባይ ማንም የማያነሳውን፣ ሁሉም ግን በልቡ አምኖ የተቀበለውን። ቦርጭ የወንድነት ምልክት አይደለም። ወንድነትን ቀስ በቀስ የሚቀንስ ነገር ነው። ይህን የምለው ለአባባል ማሳመሪያ አይደለም፤ በደም ምርመራ ስለሚለካ ነገር ነው የምናገረው።

የሚለካው ነገር ቴስቶስትሮን ይባላል። ጢምና ድምፅ፣ ጡንቻና አጥንት፣ የወሲብ ፍላጎትና የዘር ምርት በዚህ ሆርሞን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አብዛኛው የሚመረተው በዘር ፍሬዎች ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ የሚወርደው ግን ከአንጎል ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ በደም በኩል መልእክት ትልካለች፣ ፍሬዎቹ ያመርታሉ፤ ምርቱ ሲበቃ አንጎል ያውቅና ትእዛዙን ያላላል። ስብ የሚገባው እዚህ መሀል ነው። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ ሥጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስብ ግን ሌት ተቀን የሚሠራ ሕያው አካል ነው። ከሥራዎቹ አንዱ አሮማቴዝ በተባለ ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትራዲዮል መለወጥ ነው፤ ይኸውም በሴት ደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሆርሞን ነው። ወንድም ለአጥንቱ ጥቂት ያስፈልገዋል። ልወጣው ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎል በቂ ሆርሞን ያለ ይመስለውና ትእዛዙን ይቀንሳል። ፍሬዎቹ ምንም ሳይታመሙ ሥራ ይፈታሉ።

ይህ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አያስረዳም፤ የትኛው መንገድ ይበልጥ እንደሚከብድ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ቦርጭ ሲበዛ ሰውነት ለኢንሱሊን ደንታ ቢስ እየሆነ ይሄዳል፤ ኢንሱሊኑም በደም ውስጥ ይበረክታል፤ ያን ጊዜ ጉበት ቴስቶስትሮንን በደም ተሸክሞ የሚዞረውን ፕሮቲን ማምረት ይቀንሳል። ከስብ የሚወጡ፣ ብግነት የሚያስነሱ ኬሚካሎች ደግሞ አንጎል ትእዛዝ የሚሰጥበትን ቦታ ያውካሉ። እንቅልፍም አለ። ወንድ ቴስቶስትሮኑን በብዛት የሚያመርተው ተኝቶ ሳለ ነው፤ አንገቱ የወፈረ ሰው ግን ሌሊቱን ሲያንኮራፋና ትንፋሹ እየተቋረጠ ሲባንን ያድራል። ሚስቱ ታውቃለች፤ እሱ አያውቅም። ጠዋት ደክሞት ይነሳል፣ ድካሙንም የሥራ ብዛት ነው ይላል።

ከሁሉ የከፋው ነገሩ ዞሮ ራሱን መመገቡ ነው። ቴስቶስትሮኑ ሲያንስ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ስቡ ሆዱ ላይ ይከማቻል፤ ስቡ ሲከማች ቴስቶስትሮኑ ይበልጥ ያንሳል። ሰውየው ከዚህ አዙሪት ውስጥ ሆኖ ነው «ተመችቶሃል» የሚባለው።

«ዕድሜ ነው እንጂ ቦርጭ ምን አደረገ?» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይቀርባል። ዕድሜ ድርሻ አለው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በቦስተን አካባቢ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለው የማሳቹሴትስ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ውጤት እንይ። የሰውነት ክብደት በቁመት ሲመዘን የሚገኘው መለኪያ በ4 ወይም በ5 ነጥብ ከፍ ሲል በቴስቶስትሮን ላይ የሚታየው ቅናሽ 10 ዓመት ገደማ ማርጀት ከሚያመጣው ቅናሽ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኘ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ይህ ከ12 እስከ 14 ኪሎ መጨመር ማለት ነው። በአሰላ ከሠርጉ እስከ ሁለተኛ ልጁ ድረስ ይህን ያህል ኪሎ የጨመረ ወንድ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ዕድሜው 35 ሆኖ ሆርሞኑ የ45 ዓመት ሰው ይሆናል፤ እኛም አማረበት እንላለን። በስምንት የአውሮፓ ከተሞች ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆኑ ወንዶችን የተከታተለው ሌላ ጥናት ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ነገሩን ከተቃራኒው ጎን አሳየ። በክትትሉ ዓመታት ክብደት የጨመሩት ቴስቶስትሮናቸው ሲወርድ የቀነሱት ወጣላቸው፤ ብዙ የቀነሱትም ብዙ ወጣላቸው። ዕድሜ ወደ ኋላ አይመለስም። ይህ ግን ተመለሰ። የሚመለስን ነገር በማይመለስ ነገር ማሳበብ ሰውየውን ከመፍትሔው ማራቅ ነው፤ በዚህ አባባል ላይ የምቆጣውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው፤ እኛ ዘንድ ስለ ጥጋብ ማውራት ነውር ነው» ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ይህን ሰው የሚደግፍ ይመስላል። ከወንዶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሲሶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። ቁጥሩን እቀበላለሁ፤ የረሃብንም ጉዳይ ከዚህ ጋር አላወዳድርም። ግን የአገር አማካይ የአንድን ከተማ ወንበርተኛ አይገልጽም። ከበቆጂ በላይ በከሲታ በሬ የሚያርሰው ገበሬና አሰላ ላይ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ወንድሙ ተደምረው ሲካፈሉ ሁለቱም ጤነኛ ይመስላሉ። መለኪያውም ራሱ ሊመረመር ይገባል። ከሰሃራ በታች ላሉ ወንዶች ሲጠቀስ የኖረው የወገብ ዙሪያ ወሰን፣ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ከአውሮፓውያን የተወሰደ ነው። ጅማ ላይ በዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ለኢትዮጵያውያን ወንዶች የሚስማማው ወሰን ወደ 84 ሴንቲ ሜትር እንደሚጠጋ አመልክቷል። እግሩና ክንዱ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ወደ ፊት የወጣ ወንድ በሚዛን ላይ «መደበኛ» ይባላል። በሜትር ሲለካ ግን አይባልም። የኛ አገር ቦርጭ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ሰውየው በአጠቃላይ ስላልወፈረ ማንም አያስጠነቅቀውም።

አርሲ ላይ ይህ ነገር እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1967 እ.ኤ.አ. የስዊድን መንግሥት ድጋፍ ይዞ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደዚህ ደጋ አመጣ። ኩሉምሳ ያለው የምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያ እያወጣ ዘለቀ። ኮምባይነር መጣ። ከኢተያ እስከ በቆጂ ያለው ሜዳ የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ሆነ። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ያን ሥራ የሠሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ግን ማጭድ የሚጨብጠው፣ ነዶ የሚሸከመው፣ አውድማ ላይ ሌሊቱን የሚያድረው ወንድ ያን ጉልበት ማውጣት ሲያቆም የሚበላው አልቀነሰም። ጨመረ እንጂ። ገብሱ በነጭ ዱቄት ተተካ፤ ቆሎና በሶ በዳቦ፣ በፓስታና በማካሮኒ። ጭኮን እንውሰድ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸበት ይህ የአርሲ ምግብ ለመንገደኛ ስንቅ የሚመች፣ ጥቂቱ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ተራራ ለሚወጣ ሰው የተገባ ምግብ ነበር። ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለእንግዳ ክብር ሲባል ደጋግሞ የሚቆረስ ሆኗል። ድሮ በእግር የሚኬደው በባጃጅ ይኬዳል። ከገበያ እስከ ሆስፒታሉ ያለው ዳገት ሰውን ያስለከልክ ነበር፤ አሁን የሚያስለከልከው ሞተሩን ብቻ ነው።

ቢራውንም ልናገር። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የዚህን ደጋ ገብስ ለአገሪቱ ቢራ ጠማቂዎች ያቀርባል፤ ብዙ ቤተሰብም በዚህ ይኖራል። ነገር ግን ማታ ማታ ጥሬ ሥጋ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ድራፍት የሚደረድር ወንድ ሆዱን ብቻ አይደለም የሚያሰፋው። አልኮል ሲበዛና ሲዘወተር የዘር ፍሬዎችን በቀጥታ ይጎዳል፤ ጉበቱንም በስብ ይሞላል። የወንዶች መዝናኛ የምንለው ነገር በወንድ ላይ እንዲህ ይሠራል።

ደግሞ አንድ ኩራት አለን፤ የአርሲ ልጅ ሯጭ ነው የሚል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እዚሁ አሰላ አጠገብ ተወልዶ ትምህርት ቤት በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሄዶ፣ ያንኑ ያህል እየሮጠ ተመልሷል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ፋጡማ ሮባ፣ የዲባባ እህትማማቾች ከበቆጂ አካባቢ ወጥተዋል። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን ጎህ ሳይቀድ በበቆጂ ጫካና ሜዳ እያሮጠ ያሳደገበት ሥራ ዓለም ያወቀው ነው። ይህን ስም ዝርዝር ድራፍት ፊት ተቀምጦ የሚቆጥር ወንድ ግን ከዚያ ጫካ የወሰደው ነገር የለም። ሩጫ የአገር ልጅነት ስላለ ብቻ ከደም ወደ ደም አይተላለፍም። ከኃይሌ የተማርነው ነገር ቢኖር መኪና የሌለው ልጅ እግሩን እንደሚጠቀም ነው። እዚህ ላይ ለአንባቢ ልታመን ይገባኛል፤ ቅጥነት በራሱ ግብ አይደለም። ከሚያወጣው ጉልበት ጋር የማይመጣጠን ምግብ የሚበላ የረጅም ርቀት ሯጭም ቴስቶስትሮኑ ሊወርድ ይችላል፤ የተራበ ሰው ሆርሞንም ይወርዳል። ሰውነት በሁለቱም ጫፍ ዘርን ለማፍራት ጊዜው አይደለም ብሎ ይወስናል። የምከራከረው ለከሲታነት አይደለም። ለሚንቀሳቀስ፣ በልኩ ለበላ፣ ተኝቶ ለሚያርፍ ወንድ ነው።

ይህ ምስጋና ከየት እንደመጣም ይገባኛል። የ1966ን እና የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያየ ትውልድ የወፈረ ሰው ሲያይ የዳነ ሰው ያያል። ልጇ ሲወፍር «ተመስገን» የምትል እናት ክፉ ቀን ስለምታውቅ ነው፤ በእሷ ላይ የምለው ነገር የለኝም። የወፈረን ሰው መስደብም አልፈልግም። «ቦርጫም» ብሎ መሳለቅ ማንንም አላከሳም፤ የሚያፍር ሰው ወደ ሐኪም አይሄድም። የምቃወመው አድናቆቱን ነው። ከረሃብ ያመለጠን ሰውነት ማክበር አንድ ነገር ነው፤ በሕመም ላይ ያለን ሰውነት ወንድነት ብሎ መጥራት ሌላ።

ችግሩ ሲገለጥ የሚወሰደው መድኃኒት ደግሞ በአብዛኛው ችግሩን የሚያባብስ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ የደከመ ወንድ መጀመሪያ የሚመከረው እንዲበላ ነው፤ ቅቤ፣ ክትፎ፣ ማር፣ ጥሬ ሥጋ። «ጉልበት ይሰጥሃል» ይባላል። ወገቡ 100 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ይህ ከታመመበት ነገር ላይ መጨመር ነው። ቀጥሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድብቅ የሚገዛው ክኒን ይመጣል። ክኒኑ ለሰዓታት የደም ፍሰትን ያግዝ ይሆናል፤ ሆርሞኑን ግን አይነካም፤ ፍላጎትን አይመልስም፤ ለልብ ሕመም ከሚወሰድ ናይትሬት ጋር ከተገናኘ ደግሞ የደም ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል።

ገንዘብ ያለው ወንድ መርፌውን ይፈልጋል። ቴስቶስትሮን ካነሰ ቴስቶስትሮን መወጋት ነዋ! ይህ ክርክር ሞኝነት አይደለም፤ በጥሩ ምርምርም የተፈተነ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆነ፣ ወገባቸው ሰፊ፣ ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ 1,007 ወንዶች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ሁሉም ክብደት የመቀነስ መርሐ ግብር ውስጥ ገቡ፤ ግማሾቹ መርፌውን፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ ተወጉ። በመጨረሻ ስኳር በሽታ የተገኘባቸው መርፌውን ከወሰዱት 12 በመቶ፣ ካልወሰዱት 21 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ አልደብቅም። ነገር ግን መርፌውን ከወሰዱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ደሙ ከሚገባው በላይ ወፈረ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮ ወደዚያ ማዘንበል ይችላልና 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ደግሞም መርፌው ብቻውን አልተፈተነም፤ ከሥርዓተ ኑሮ ለውጥ ጋር ነው። ስፖርት ቤት ውስጥ ከጓደኛው እጅ የሚወጋው ወጣት ያን ጥናት ሊጠቅስ አይችልም። እሱ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ከውጭ የገባ ቴስቶስትሮን አንጎልን «በቂ አለ» ያሰኘዋል፤ ፍሬዎቹም ዘር ማምረት ያቆማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ባሕርይ ለወሊድ መከላከያነት ፈትኖታል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት በየሳምንቱ ቴስቶስትሮን ከተወጉት 271 ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ አንድም ዘር እስከማይገኝ ደርሰዋል። ልጅ የሚፈልግ ባል «ለወንድነቴ» ብሎ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ ነው።

በእርግጥ መርፌው የሚገባው ወንድ አለ። ፍሬዎቹ ወይም ፒቱታሪው የታመመ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሐኪም ያዝለታል። ግን ያ ሰው የሚለየው በምልክቱና ጠዋት ጠዋት በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ በተወሰደ ደም ነው። የወፈረ ወንድ ጠቅላላ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ በደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚሠራው ክፍል ደህና ሊሆን ስለሚችል አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ መደናገጥም ልክ አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ልጅ ያልወለደ ቤት ውስጥ የምትጠየቀው ሴቲቱ ናት። አንዷ ጸበል ትወሰዳለች፣ ሌላዋ ለድሬ ሼህ ሁሴን ትሳላለች፤ ማኅፀኗ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ቱቦዋ በጨረር ይነሳል፣ የማሕፀን መድኃኒት ትጠጣለች። ባልየው ሆዱን አስቀድሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። እሱን ማንም አይመረምረውም፤ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ሙሉ ሰው ነዋ! ጢሙ አለ፣ ሆዱ አለ፣ ንግዱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ይገጥመዋል፤ ከችግሩም ግማሽ በሚሆነው ላይ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር ድርሻ አለው። ከ13 ሺህ በላይ ወንዶችን ያካተቱ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ ደግሞ ውፍረት በጨመረ ቁጥር የዘር ቁጥር የማነስ ወይም ጨርሶ የመጥፋት ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። እንግዲህ «ተመችቶሃል» የሚለው ምስጋና ወንዱን አንቆለጳጵሶ አልቀረም። ጥፋቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። በዚህ ምክንያት የተፈታች፣ ጣውንት የመጣባት፣ በአማቷ ፊት አንገቷን የደፋች ሴት አለች፤ ምናልባትም ሕመሙ በባሏ ቀበቶ ላይ በሜትር ሊነበብ ይችል ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባልና ሚስት ልጅ ፈልገው ጤና ተቋም በረገጡበት በመጀመሪያው ቀን ባልየውም ይመርመር። የወገቡ ዙሪያ ይለካ፤ የሚለካበት ሜትር ከልብስ ሰፊው እጅ የማይጠፋ ነው። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለሚወስደው ክኒንና መርፌ ይጠየቅ፤ የዘር ፈሳሹ ምርመራ ከእሷ የጨረር ምርመራ በፊት ይታዘዝ። ስኳር በሽታ ያለበት ወንድ ሁሉ ስለ መኝታ ቤቱ በግልጽ ይጠየቅ፤ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ካለባቸው ወንዶች ሲሶ የሚያህሉት ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ከታወቀ 20 ዓመት አልፎታል። ጋሼ፣ ኦቦ፣ ሐጂ ብለን የምናከብራቸው ሰዎችም በዕድርና በሽምግልና መሀል ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢናገሩ ሐኪሙ ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ ይሰማል። የወንድ ዘር ከመነሻው በስሎ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ዛሬ ከባጃጅ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ የጀመረ፣ ድራፍቱን የተወ፣ ሌሊቱን በደንብ የተኛ ባል ለውጡ በሦስተኛው ወር ምርመራ ላይ መታየት ሊጀምር ይችላል። ብዙ ሴቶች ባላቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረመር ከዚህ ለሚረዝም ጊዜ ተንከራተዋል።